ቤትሽ ስንት ላም አወጣ?

ከጋምቤላ ከተማ ወደ ኢታንግ የሚወስደው መንገድ ዳገት የለውም። ከጎሬና ከቡሬ ደጋ ቁልቁል ለወረደ ሰው ሜዳው ማለቂያ የሌለው ይመስለዋል። በበጋ ዋልካው መሬት ተሰነጣጥቆ እግር ያስገባል፤ በክረምት ያው መሬት ውኃ አዝሎ የመኪና ጎማ ይይዛል። ግራና ቀኙ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሣር ነው። በመሀል በመሀል ከብት የሚነዱ ልጆች ብቅ ይላሉ፤ ዓሣ በሳፋ ተሸክመው ወደ ገበያ የሚሄዱ እናቶች ያልፋሉ። ኢታንግ ልዩ ወረዳ አኙዋ፣ ኑዌርና ኦፖ ጎን ለጎን የሚኖሩበት አገር ነው። የትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያም የሚገኘው በዚሁ ወረዳ ነው።

መንገዱን አውቀዋለሁ። ነርስ ነኝ፤ ጡረታ ከመውጣቴ በፊት በመጠለያው ጤና ጣቢያ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። ባለፈው ጥር የሄድኩት ግን ለሥራ ሳይሆን ለመሰናበት ነው። እኔና ባለቤቴ ከ30 ዓመት በላይ የኖርንባትን ጋምቤላን ልንለቅ፣ በእጃችን የሠራነውንም ቤት ልንሸጥ ተነሥተን ነበር። ሁለታችንም በዕድሜያችን ቤት ሸጠን አናውቅም። አባቶቻችንም ቤት ሠርተው፣ በቤታቸው አርጅተው፣ ከዚያው ቤት ወደ መቃብር የወጡ ሰዎች ናቸው።

ምክንያታችን የብዙ ቤተሰብ ምክንያት ነው። ባለቤቴን የደም ግፊቱ ከጋምቤላ ሙቀት ጋር ተደምሮ አላስቀምጥ አለው። አዲስ አበባ ያለችው ትልቋ ልጃችን ሁለት ልጆች ወልዳለች፤ «እማዬ፣ ልጆቼ አያቶቻቸውን የሚያውቁት በስልክ ነው» ማለት ከጀመረች ቆየች። ወንዱ ልጃችን ካናዳ ነው። ትንሿ ጅማ ታስተምራለች። «ቤቱን እንሽጥ» ስንል ትልቋ «በቶሎ ኑ» አለች፤ ወንዱ «ለምን አይከራይም?» አለ፤ ትንሿ ደግሞ ዝም ብላ ቆይታ «እኔ ታዲያ ለፋሲካ ወዴት ልመጣ ነው?» አለችን። ለዚህች ጥያቄ ያን ዕለት መልስ አልነበረንም።

ትልቁ አለመግባባት ግን ከልጆቹ ጋር ሳይሆን በእኔና በባለቤቴ መካከል ነበር። እሱ «ቤት የሚሠራው ለልጅ ነው፤ እንዘጋውና ሲደርስ ይውረሱት» ባይ ነው። ሕግም ጠቅሶ መጣብኝ። በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ አይሸጥም አይለወጥም። እኛ የምንሸጠው በላዩ ያፈራነውን ቤት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ፣ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ የተላለፈለት ሰው ቦታውን የሚይዘው በሊዝ ነው ይላል። ወራሽ ግን ወደ ሊዝ አይገባም። «አየሽ፣ ሕጉ ራሱ ለልጆች ተዉት ይላል» አለኝ።

«ሕጉ ለልጅ ስጡ አይልም፤ በውርስ ከተላለፈ እንዲህ ነው ነው የሚለው። ሦስቱ በሦስት አገር ሆነው የሚያፈሰውን ጣሪያ ማን ይጠግናል? ግብሩንስ ማን ይከፍላል?» አልኩት። እሱም ዝም፣ እኔም ዝም። በእኛ ቤት ዝምታ ከጠብ ይከፋል። ወደ ትየርኪዲ የሄድኩት በዚህ ዝምታ መሀል ነው።

በመንገድ ሳለሁ ስለ ቤትና ስለ መልቀቅ ሳስብ፣ ጋምቤላ ራሷ ለቅቀው የሚሄዱ ሰዎችን ማየት የለመደች አገር መሆኗ ታየኝ። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ስምምነት፣ ኢታንግ አካባቢ በባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ፈቅደው ነበር። ጣቢያው የተቆረቆረው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። ክረምት ገብቶ ባሮ ሲሞላ ከካርቱም የእንፋሎት መርከብ ይመጣል፤ ከጎሬ በበቅሎ የወረደው ቡና ተጭኖ ይሄዳል። የግሪክና የሶርያ ነጋዴዎች መጋዘን ሠርተው፣ ልጅ ወልደው ኖረዋል። ውሉ ግን ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ አስተዳደር ሥር እስካለች ድረስ የሚቆይ ነበርና፣ ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ስትወጣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

ኢታንግም የራሷ ታሪክ አላት። በደርግ ዘመን በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የደቡብ ሱዳን ስደተኞች የሰፈሩበት፣ በዓለም ከታላላቆቹ አንዱ የነበረ መጠለያ እዚህ ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ያ ሁሉ ሕዝብ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተነሥቶ ወደ ድንበሩ ተመመ። ያ ሁሉ ጎጆ ሳይሸጥ ሳይለወጥ ባዶውን ቀረ።

ትየርኪዲ የተከፈተው በየካቲት 2006 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የተነሣው ጦርነት ወደ ላይኛው ናይል ሲዛመት፣ ሕዝቡ በፓጋክ በኩል ድንበር አቋርጦ ጎረፈ። ከመጡት አብዛኞቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በመጀመሪያ በድንኳን አደሩ፤ ቆይቶ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላቸው ጎጆዎች ተሠሩ። ዛሬ ከ60 ሺህ በላይ ሰው የሚኖርበት ነው። ገበያ አለው፣ ትምህርት ቤት አለው፣ እሑድ ከበሮ የሚመታባቸው ቤተ ክርስቲያናት አሉት። እኔ ያዋለድኳቸው ልጆች ዛሬ ደብተር ይዘው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ለመግባት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ወረቀቴን አሳይቼ ገባሁ። መጀመሪያ የሄድኩት የልጇን ሚስት ካዋለድኩላት አንዲት አያት ዘንድ ነው። በኑዌር ወግ ሴት ስትወልድ በልጇ ስም፣ በፊቱ «ማን» የሚል ቃል ተጨምሮ፣ የእገሌ እናት እየተባለች ትጠራለች። እኔ ግን እንደኛው «እማማ» እላት ነበር፤ እሷም እንደ ሁሉም ሰው «ሲስተር» ትለኛለች። ጋምቤላ ገበያ እየሠራ አማርኛ የለመደው ትልቁ የልጅ ልጇ አስተረጎመን።

ደርሼ «ማሌ» ተባባልን። ጎጆዋን ልስን አድሳ አገኘኋት። ክረምቱ ያጠበውን ግድግዳ በየዓመቱ በጋ ሲገባ ራሷ በእጇ ትለስነዋለች። ከማሽላ ዱቄት በጥቃቅኑ ተድቦልቡሎ የሚበስለውን ዋልዋል አቀረበችልኝ። ከዚያ ነገሩን ጀመረች።

«ልትሄጂ ነው አሉ።»

«አዎ እማማ፣ ቤታችንን ሸጠን አዲስ አበባ ልንገባ ነው።»

«ማን አባረራችሁ?»

«ማንም አላባረረንም።»

ልጁ በትክክል የተረጎመ ስላልመሰላት እንደገና እንዲጠይቀኝ አደረገች። «ጎርፍ ነው? ከጎረቤት ተጣላችሁ? ሰው ሞተባችሁ?» አይደለም፣ አይደለም፣ አይደለም አልኳት። ጥቂት አሰበችና «እንግዲያ ቤትሽ ስንት ላም አወጣ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። እሷ ግን የምሯን ነው። በኑዌር ዘንድ ሀብት የሚለካው በከብት ነው፤ ልጅ የሚዳረው በከብት፣ ደም የሚታረቀው በከብት ነው። ልጁ በስልኩ ደላላ የነገረንን ዋጋ ለጋምቤላ ገበያ የላም ዋጋ አካፈለው። ወደ 40 ላም መጣ።

«አንዲት ደህና ልጅ ትዳርበታለች» አለች አያቲቱ። ጎረቤቶቿ ሁሉ ሳቁ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። የ30 ዓመት ልፋታችን በአንድ ሠርግ ሲመነዘር ያስቃል። ቀጥላም «ስንት ልጅ አለሽ?» አለች። ሦስት አልኳት። «ጥሩ ነው፤ ላም ለሦስት ይከፈላል። ቤት ለሦስት ቢከፈል ግን ይፈርሳል።»

የራሷን ታሪክ ከዚህ በፊት በቁርጥራጭ ሰምቼዋለሁ። ያን ዕለት ግን እንደ ቤት ሻጭ ስለሰማሁት ሌላ ሆነብኝ። አገሯ ናስር ነው፤ ከሶባት ወንዝ ዳር። መኖሪያ ጎጆ ነበራት፣ ከጎኑም ኑዌሮች ሉአክ የሚሉት ትልቁ የከብት ቤት ነበር። ጦርነቱ ሲደርስባቸው የወጡት በሌሊት ነው። ያኔ ሕፃን የነበረውን ይህንኑ የልጅ ልጇን አዘለች፤ ሌላ ነገር አልያዘችም። ከብቱም በመንገድ ቀረ።

«ቤት የሚሸጥ ሰው በሩን ዘግቶ ቁልፉን በገዛ እጁ ለሰው ይሰጣል» አለች። «በእኔ ቤት ማን እንደተኛ አላውቅም። ቆሞ ይሁን ተቃጥሎ አላውቅም። አንቺ ግን የሚተኛበትን ሰው ፊቱን ታዪዋለሽ።»

ይህን የተናገረችው ልታሳዝነኝ ብላ አይደለም፤ ድምፅዋም አልተለወጠም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. የደቡብ ሱዳን መሪዎች አዲስ አበባ ላይ የሰላም ስምምነት ሲፈርሙ ዕቃዋን ሸክፋ እንደነበርና መልሳ እንደፈታችው ነገረችኝ። ዛሬ የምትኖርበት ጎጆ የሚሸጥ ንብረት አይደለም። መጠለያ ነው፤ መሬቱም የኢታንግ ሰው መሬት ነው። ሆኖም በየዓመቱ ትለስነዋለች። «የማይሸጥ ቤት አይለሰንም ያለው ማነው?» ትላለች።

ስወጣ ልጁ እስከ መንገዱ ሸኘኝ። «አንተስ አገርህ የት ነው?» አልኩት። ቺየንግ የሚል የኑዌርኛ ቃል አስተማረኝ። ቤትም ነው፣ ሰፈርም ነው፣ አገርም ነው፤ ትርጉሙ የሚለወጠው እንደተናጋሪው ቦታ ነው። እዚህ መጠለያው ውስጥ ቺየንግህ የት ነው ቢሉት የሚያሳየው የአያቱን ጎጆ ነው። ጋምቤላ ገበያ ላይ ቢጠይቁት ትየርኪዲ ይላል። አዲስ አበባ ቢሄድ ደግሞ ናስር ይላል። እንግሊዛዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ኢቫንስ ፕሪቻርድ በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ኑዌሮች ዘንድ ኖሮ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ቃል እንዳብራራው በኋላ ከሚያውቅ ሰው ሰማሁ። ልጁ ግን ከመጽሐፍ አላገኘውም።

ቤቴ እንደተመለስኩ ለባለቤቴ የነገርኩት የላሟን ነገር ነው። ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤቱ እያወራን ሳቅን። «ቤት ለሦስት ቢከፈል ይፈርሳል» ያለችውን ግን ደጋግሞ አስደገመኝ። ሰፈራችን ውስጥ አባት ከሞቱ በኋላ ወንድምና እህት በፍርድ ቤት የሚካሰሱበት ቤት እንዳለ ሁለታችንም እናውቃለን። በማግሥቱ ራሱ «እኛ ሁለታችን ቁመን፣ አፋችን እየተናገረ ብንሸጠው ይሻላል» አለ።

እሑድ ቡና ተፈልቶ ልጆቹን በስልክ ሰበሰብናቸው። ከዋጋው በፊት የተነጋገርነው ስለማይሸጠው ነገር ነው። የእናቴ ሙቀጫ ለትልቋ፤ የአባቱ የግድግዳ ሰዓት ለወንዱ። ትንሿ የጠየቀችን በር ላይ ቁመታቸውን በየዓመቱ ያሰመርንበትን መቃን ነበር፤ አናጢ ጠርተን በሌላ ተክተን አወጣንላት። የፋሲካዋ ጥያቄም ያን ዕለት መልስ አገኘ፦ «እኛ ወዳለንበት።» ያ የኑዌር ቃል ለእኛም ሠራ።

ገንዘቡንም አነሣን። የጋምቤላ ቤት ዋጋ አዲስ አበባ ላይ ቤት አይገዛም፤ ስለዚህ የምንገባው ትልቋ ልጃችን ግቢ፣ ታድሶ በሚሰጠን ክፍል ነው። ወንዱ «ታዲያ የቀረውን ለሁላችንም አካፍሉን» አለ። ባለቤቴ «ላሞቹ እኛው በረት ይደሩ፤ ወተቱን አብረን እንጠጣለን» አለው። ለአያቶች የምለው ይህን ነው፦ ከልጅ ጋር ለመኖር ቤታችሁን የምትሸጡ ከሆነ፣ ገንዘቡ በራሳችሁ ስም ባንክ ይቀመጥ። በልጅ ቤት በራስ ገንዘብ መኖርና በልጅ እጅ መኖር ልዩነት አለው። ይህም የሚነገረው ከመሸጡ በፊት ነው።

እንደኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሸጥ ሰው ያየነውን ላካፍል። ካርታው፣ የግብር ደረሰኙና የጋብቻ ማስረጃው አስቀድሞ መሟላት አለበት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል ቤተሰብ ሕግ የባልና ሚስት የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት ያለ ሁለቱ ስምምነት እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ እኛንም ሁለታችንን ጠርተው ነው ያስፈረሙን። ከባልና ሚስት አንዱ በሞት ከተለየ ደግሞ የልጆች ወራሽነት በፍርድ ቤት መረጋገጥ አለበት። ውጭ አገር ያለ ወራሽም በኤምባሲ በኩል ውክልና መላክ ይኖርበታል። ይህ ወራት ሊወስድ ስለሚችል ገዢ ከመፈለግ በፊት ይጀመር።

ቀብድን በጥንቃቄ ያዙት። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቀብድ ሰጥቶ ውሉን የሚተው ሰው ቀብዱን ያጣል፤ ተቀብሎ የሚተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል ይላል። ስለዚህ በቤተሰብ ሳትስማሙ ቀብድ አትቀበሉ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ እንዳለበት ይኸው ሕግ አንቀጽ 1723 ላይ ይደነግጋል። በሰፈር ሽማግሌ ፊት ብቻ የተጻፈ ወረቀት፣ ሽማግሌዎቹ የቱንም ያህል የተከበሩ ቢሆኑ፣ አይበቃም። ስም ሲዛወር 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ አለ። ከሽያጭ ትርፍ የሚከፈለው ግብር ቤቱ መኖሪያ ነው ወይስ የሚከራይ በሚለው ስለሚለይ፣ ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ገቢዎች ሄዳችሁ ጠይቁ። ማን ምን እንደሚከፍል ከገዢው ጋር አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፍሩት፤ የደላላውን ድርሻም እንዲሁ። ቀሪው ክፍያ በፊርማው ዕለት በባንክ ወይም በሲፒኦ ቢሆን ለሁለቱም ወገን ይበጃል። ፊርማ ከመኖሩ በፊት ቁልፍ አይሰጥም።

ገዢዎቻችን አንድ ሕፃን ያላቸው መምህራን ናቸው፤ እሱ አኙዋ፣ እሷ ከመቱ የመጣች። በመጋቢት ተፈራርመን ክፍያው ሲጠናቀቅ ባለቤቴ ቁልፉን ለእኔ ሰጠኝ፤ «አንቺ ስጪያቸው» ብሎ። ሴትዮዋ እጅ ላይ ሳኖርላት ፊቷን በደንብ አየሁት። ክረምት ላይ የኋላው ጣሪያ ከየት ጥግ እንደሚያፈስ፣ ሌሊት ለሕመም የምትነሣላቸው ጎረቤት የትኛዋ እንደሆነች፣ ውኃ ሲጠፋ ከማን ጉድጓድ እንደሚቀዳ ነገርኳት። ባሏ ግቢው መሀል ቆሞ ቀና ብሎ ዛፉን ያያል።

«ማንጎው መቼ ይደርሳል?» አለኝ።

«ሚያዝያ ላይ ይጀምራል። የታችኛውን ቅርንጫፍ ግን ለሰፈሩ ልጆች ተዉላቸው፤ የለመዱት ነው» አልኩት።